አንቀጽ ሰባትን ያረቀቅኩት እኔው ነኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 9 ሰዓት።

የግድግዳ ጋዜጣው ግማሹ ገና አልተለጠፈም። ሙጫ አልቋል፣ ዱቄት በጥብጠን እየለጠፍን ነው። ጣቶቼ ተጣብቀዋል፤ ደብተሬ፣ ካቆሸሽኩሽ ይቅር በይኝ።

የጓደኛዬ የሀሊማ ጽሑፍ ለእኔ ደረሰ። ተረቱ ያስቃል፣ አማርኛው ያስለቅሳል፤ ሴቱን ሁሉ ወንድ ያደርገዋል። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ገጹ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ። እንደገና ለመገልበጥ ጊዜ የለም፣ እንደ አምናው ሁሉ ከነቀዩ ተለጠፈ። ተማሪው እየቆመ ያነባል፣ አንዳንዱ እየጠቆመ ይስቃል። ሀሊማም ሳቀች። በአፍ መፍቻዋ በበርታኛ ምን ብላ እንደሰደበችኝ አልጽፍም፣ አንቺ ጨዋ ነሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። 11 ሰዓት።

የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ። ደንቡ ጸደቀ! ክልሉ አዲስ፣ ኮሌጁ አዲስ፣ ማኅበሩ አዲስ። የማያረጀው የመ/ር ታደሰ ኮት ብቻ ነው። አማካሪያችን ናቸው፣ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ዝውውር ይጠብቃሉ።

ሁሉም በቀላሉ አለፈ፣ ከአንቀጽ 7 በቀር። እኔ ነኝ ያረቀቅኩት፤ ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለማምንበት። ሊ/መንበር የሚሆን ተማሪ ከክልሉ ቋንቋዎች ቢያንስ አንዱን የሚችል ይሁን ይላል። የሠፋሪ ልጆች ጮኹብኝ። አንቺም እኮ የሠፈራ አምባ ልጅ ነሽ፣ በገዛ እጅሽ በር ትዘጊያለሽ ወይ አሉኝ። እኔ በሩ ውስጥ ነኝ አልኳቸው። ከወሎ ስንመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት እናቴን ወባ ሲጥላት ያበላችኝ የሀሊማ እናት ናት፣ ገንፎ በባሚያ፣ ከሀሊማ ጋር ከአንድ ገበታ። በርታኛን የተማርኩት ጎርሼ ነው። እዚህ እየኖሩ የሰዎቹን ቋንቋ አለማወቅ ነውር ነው፣ አልኩ። ጭብጨባ። ከሁሉ አስረዝማ ያጨበጨበችው ሀሊማ።

ሊ/መንበርነቱን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ጥር ላይ መንገዱ ሲደርቅ ለአንደኛ ክፍል መጻሕፍት ተረት የሚሰበስብ ቡድን ይወጣል። የእኛ ሊ/መንበር ከአንድ ረዳት ጋር አብሮ ይሄዳል። መንጌ፣ ሸርቆሌ፣ እስከ ኩርሙክ! ረዳቴ ሀሊማ ናት፣ ድሮ ተስማምተናል። በእነዚያ መጻሕፍት የሚማሩ ልጆች እኔ ከሰማሁት ተረት አንዱን ያነባሉ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 8።

እናቴ ዘንድ ዋልኩ። ስለ አንቀጹ ነገርኳት። ማሽላውን እያበጠረች ሰማችኝ። አንች ልጅ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም አለች። ሳቅኩባት። እናቴ እኮ ሁልጊዜ ነገር መጥፎ መጥፎው ነው የሚታያት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12።

እጩዎች ሁለት ነን። ዘይነባ፣ ማለት እኔ፣ እና ኢብራሂም። ኢብራሂም የሀሊማ አጎት ልጅ ነው። ሀሊማ አባቷ ከሞተ ወዲህ እዚህ አሶሳ የምትኖረው በዚሁ አጎቷ ቤት ነው፤ ሰውየው ክልሉ ትምህርት ቢሮ ውስጥ ትልቅ ሰው ናቸው።

እጩዎችን በአንቀጽ 7 የሚመዝን አጣሪ ኮሚቴም ተሰየመ። መ/ር ታደሰ፣ ገረመው (የሺናሻ ልጅ፣ ዝምተኛ) እና ሀሊማ። የእኔን በርታኛ የምትመሰክር ሀሊማ! ከዚህ በላይ ምን ዕድል አለ። ደስ ብሎኝ ልነግራት ፈለግኳት፣ ምሳ ላይ አልመጣችም። ትናንትም አልመጣችም። አሟት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17። 6 ሰዓት።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

4 ሰዓት፣ መ/ር ታደሰ ቢሮ። ሦስቱ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ገረመው የሚያውቀው ሺናሽኛ ነው። መ/ር ታደሰ የሚያውቁት አማርኛና ዝውውር። ፈታኟ ሀሊማ ብቻ። ጠይቂያት አሏት።

ቀና ሳትል ጀመረች። በርታኛ፣ ፈጣን፣ የቤት አነጋገር። ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ከእጩነቱ ራስሽ ውጪ፣ ነው ያለችኝ። አሞኛል በያቸው። አጎቴ ወንበሩ የልጄ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። ዘይነባ ካለፈች ዕቃሽን ሸክፈሽ ወደ እናትሽ ሂጂ ብሎኛል፣ ትምህርቴ አለቀ።

ይህን ሁሉ ስትል ድምጿ የፈታኝ ድምፅ ነው። መ/ር ታደሰ እንደገባው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በዚያው ቋንቋ መለስኩላት። ለምን ትናንት አልነገርሽኝም? ትናንት መጥተሽ ቢሆን ምናልባት እሺ እል ነበር፤ እዚህ አስቀምጠሽ አትለምኚኝ። እውነቱን ተናገሪ። ካባረረሽ እናቴ ቤት አለ። አጎቴን አታውቂውም አለች። አንቺስ እኔን ታውቂኛለሽ ወይ አልኳት። እሷ መለሰች፣ እኔ መለስኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ። ገረመው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

ከዚያ መ/ር ታደሰ፣ እህ፣ ትችላለች? አሉ።

ሀሊማ ጠረጴዛውን አየች። «የገበያ ቋንቋ ነው። አይችልም» አለች፣ በአማርኛ።

አይችልም! ያልኳትን ሁሉ ሰምታ። የመለሰችልኝን ሁሉ ሰምቼ።

የተባባልነውን ልናገር አፌ ድረስ መጣ። ከተናገርኩ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አጎቷ ጆሮ ይደርሳል። ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ራሴም አላውቅም። ገረመው ድምፀ ተአቅቦ አለ። መ/ር ታደሰ አትችልም ብለው ወሰኑ። ወጣሁ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት።

አላለቀስኩም። አሁን እያለቀስኩ ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ አይቆጨኝም። የሠፋሪ ልጅ አንፈልግም ብሎ በግልጽ የሚነግረኝ ሰው ጠላቴ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እመልስለታለሁ። እሷ ግን አንጀቴን በገዛ ቋንቋዋ ገልጣ አየችና ምንም የለበትም አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18።

መ/ር ታደሰ አስጠራኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀርቷል፣ ቢያንስ በአንቺ ገጾች ላይ። የአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ አለኝ። ማን ይጻፈው አልኩት። አንቺ አለኝ፤ ምርጫው እስኪደረግ ጸሐፊ ነሽ፣ የእጅ ጽሑፍሽም ያምራል።

ቋንቋ የማትችል ሰው ሩብ ሰዓት ምን ስታወራ ነበር አልኩት። መስኮቱን አየ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ነገሩ ስስ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ የዝውውር ማመልከቻዬ በእነዚሁ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው አለ። ውሸታም አይደለም። ፈሪ ነው። ፈሪ ደግሞ ሲያዋርድሽ ያዝንልሻል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19። 8 ሰዓት።

ቤተ መጻሕፍት ነኝ። ሁለት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ሁሉም አለበት። ሀሊማ ያለችው፣ እኔ ያልኩት፣ አጎቷ፣ ወንበሩ፣ ዕቃ ሸክፈሽ ሂጂ። ወደ አማርኛ ስመልሰው አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ አይችልም የተባልኩት እኔ! አነበብኩት። ደስ አለኝ። ሰኞ ጉባኤው ፊት ሲነበብ የሀሊማ ፊት ታየኝ፣ የበለጠ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ ስትሄድ ታየኝ። ቀድጄ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ለእናቷ ብዬ እንጂ ለእሷ አይደለም።

ሁለተኛው ይኸው፦

«ወ/ት ሀሊማ ወ/ት ዘይነባን በበርታኛ ጠየቀቻት። ወ/ት ዘይነባ በበርታኛ መለሰች። ወ/ት ሀሊማ በድጋሚ ጠየቀቻት። ወ/ት ዘይነባ በድጋሚ መለሰች። በዚህ ሁኔታ ለሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ኮሚቴው ወ/ት ዘይነባ በርታኛ አትችልም ሲል ወሰነ።»

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የጸሐፊ ሥራ የተደረገውን መጻፍ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 20። 9 ሰዓት።

ፊርማ። መ/ር ታደሰ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ ትንሽ አልተንዛዛም ወይ አለ። የቱ ውሸት ነው አልኩት። ፈረመ። ገረመው ሁለቴ አንብቦ ፈረመ፣ ከዚያ ሳይናገር እጄን ጨበጠኝ። እንዲህ ያለ ሰው ንግግሩ እስኪመጣ ጀንበር ትጠልቃለች።

ሀሊማ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣች። ብቻችንን ነን። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጠየቀቻት የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እኔ ይቅርታ እየጠበቅኩ ነው፣ ምን ላድርግ፣ እየጠበቅኩ ነው።

በአማርኛ ተናገረች። ደብተሬ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁለታችን ብቻችንን ሆነን አማርኛ አውርተን አናውቅም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በቀይ ጻፍክብኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ቆሞ አነበበ፣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ወላሂ፣ እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው ያደረግኩት።»

ያ እኮ እርማት ነው ልላት ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው ልላት ነበር። እሷም የፈራችው ለትምህርቷ ነው፣ ያውቃል አላህ። ቀይ እስክሪብቶና የሐሰት ምስክርነት አንድ ነው? አይደለም! ግን ሲስቁባት እዚያው ቆሜ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ በዳይዋ እሷ ሆና ሳለ መልስ ያጣሁት እኔ መሆኔ።

ፈረመች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ሰኞ ትመጣለህ?» አለችኝ። በአማርኛ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ፣ በእኔው ድምፅ። ሩብ ሰዓት የሚለው ላይ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ማንም አልጠየቀም። ኢብራሂም በእጅ ማውጣት ተመረጠ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ጸሐፊነቱ ላይ ቆይልን አለኝ። አልቆይም አልኩ። ቁልፉን ሰጠሁ፣ ማኅተሙን ሰጠሁ።

በጥር ኩርሙክ የሚሄዱት ኢብራሂምና ረዳቱ ሀሊማ ናቸው። ይኸው ጻፍኩት። ሲጻፍ ይቀልላል የሚሉት ውሸት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28። 8 ሰዓት ተኩል።

ገበያ ሄጄ ተመለስኩ። ባልሄድኩ።

የሀሊማ እናት ከገጠር መጥታለች። ቦታዋ ላይ ናት፣ ደረቅ ባሚያና ማር ዘርግታ። ከሩቅ አይታ በሕፃንነት ስሜ ጠራችኝ። ለምን ጠፋሽ አለች በበርታኛ፣ ከስተሻል፣ ወባ ነው፣ ወይስ ያስቀየመሽ ሰው አለ? እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። በአማርኛ።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እንደገና ጠየቀችኝ። እንደገና በአማርኛ መለስኩ። ምን ነካኝ? ልጇን የቀጣሁ መስሎኝ ነው? የሀሊማ እናት አማርኛ አታውቅም፣ ለመሸጫ ከሚሆናት በቀር። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀች። ፊቴን ትንሽ አየችና ባሚያውን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ «ስንት ልስጥ?» አለችኝ።

እንደማንኛውም ገበያተኛ። ስንት ልስጥ። እናቴ በወባ ስትወድቅ ያጎረሰችኝ ሴት።

ምንም ሳልገዛ ሮጥኩ። አሁን ዶርም ነኝ፣ አልጋዬ ላይ፣ ጫማዬን አላወለቅኩም።

ያቺ ሴት ምንም አልፈረመችም። በርታኛ አትችልም የሚለውን ቃለ ጉባኤ እስካሁን ያከበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ገበያው እስከ 11 አይበተንም። ተመልሼ እሄዳለሁ። አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ ባሚያውን አብሬያት እሸጣለሁ፣ በቋንቋዋ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ያለችኝንም ትበለኝ። የሀሊማን ሥራ ከእኔ አትሰማም። ወሰንኩ። ግን አውቃታለሁ፣ ገና ሳልቀመጥ የምትጠይቀኝ ስለ ልጇ ነው፣ ተጣልታችሁ ነው ወይ ትለኛለች፣ እኔም ምን ብዬ እንደምመልስላት እየሄድኩ አስባለሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።