ቀበቶ የታሰረለት ጆንያ

ይድረስ ለዳኘው፤

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። ያንተን ጤና ግን ከእንግዲህ የሚነካው ስለሌለ እሱን አልፌዋለሁ። ከተለያየን ዓመት ከስድስት ወር ሆነን። እኔ አለሁ። ልጃችን ሰላማዊትም አለች፤ በቁመት አልፋኛለች፣ በምላስማ ድሮም አልደርስባትም። የፊተኛውን ክፍል ጦርነቱን ሸሽተው ከመድኒ ከተማ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጥተናቸዋል፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከግቢው የኒም ዛፍ አንዱን ቅርንጫፍ አስቆርጬዋለሁ፣ ወፎቹ መኪናዋን በኩሳቸው እያበላሹ አላስቀምጥ ብለው። አዎ፣ መኪናዋም አለች። የምጽፍልህም በሷ ምክንያት ነው።

የገዛናት ቀን ትዝ ይልሃል? ሃያ ዓመት የሰው ትራክተርና የሰው ሎሪ ነድተህ በመጨረሻ ለራሳችን ልንገዛ ከመኪና ነጋዴው ግቢ ቆምን። ለሙሽራ የምትከራይ መኪና ነበር የምንፈልገው። ገዳሪፍ ላይ ሙሽራ በተራ መኪና አይወጣም፤ የቆዳ ወንበር ያላት፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ የማታሰማ መሆን አለባት። ሁለት መኪኖች አሳዩን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ከቅንጡዎቹ ዘር፤ ከዘሩ ግን ታናናሾቹ፣ እኛን የመሰለ ሰው ተንጠራርቶ የሚደርስባቸው። ከውጭ ላያቸው ሰው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ አንደኛዋ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለተኛዋ ባለ አራት።

መጀመሪያ ባለ ስድስቷን ይዘኸኝ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ወጣህ። ቤንዚኑን ረገጥ ስታደርገው ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። አንተ ሳቅክ። አፍህን ከፍተህ፣ ጭንቅላትህን ወደ ኋላ ጥለህ ሳቅክ። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አላየሁህም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁህም። እኔ ግን ዓይኔ የቤንዚኑ መርፌ ላይ ነበር።

ከተመለስን በኋላ ነጋዴው ፊት ክርክር ገጠምኩህ። ሙሽራ የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ነው፣ ከፊት ከበሮ፣ ከኋላ እልልታ፤ ይህ ሁሉ ጉልበት ለማን ነው? አልኩህ። ባለ አራቷ በአንድ ጋሎን የምትጨርሰውን መንገድ ይቺኛዋ አንድ ተኩል ጠጥታ ነው የምትጨርሰው፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቤንዚን የሚቀዳው ደግሞ አንተ ነህ አልኩህ። ሁሉንም አዳመጥከኝ። ከዚያ ቀስ ብለህ «አቀበት ላይስ?» አልክ።

«ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ ምን አቀበት አለ?» አልኩህ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰው እየሰማ።

ነጋዴው ሳቀ። ባለ አራቷን ይዘን ወደ ቤት ገባን።

እኔ የሜዳ ልጅ ነኝ ዳኘው። እናትና አባቴ በስደት ሱዳን ወርደው ሾዋክ ላይ የወለዱኝ፣ ጎንደርን በወሬ የማውቅ። በዚያን ጊዜ ያየሁት ትልቁ ከፍታ ቢኖር የከተማችን የእህል ጎተራ ነበር። አቀበት ስትለኝ ለወግ ያነሳኸው መሰለኝ እንጂ አንድ የምታውቀው አቀበት በዓይንህ እንደሚሄድ አልገባኝም።

ደግሞ እውነቱን ካነሳን፣ በቤንዚኑ ነገር አልተሳሳትኩም። ጦርነቱ መጥቶ ቤንዚን በመድኃኒት ብልቃጥ የሚሸጥ እስኪመስል ሲጠፋ፣ ያቺን ባለ ስድስቷን የገዛው ሰውዬ ግቢው ውስጥ አቁሟት ዶሮ ያሳድርባት ነበር። የኛዋ ግን አንድም ቀን ሥራ አልፈታችም። ሠርግ ሲጠፋ እስከ ፋው ከተማ ድረስ እየሄድክ ሻንጣውን በአናቱ ተሸክሞ የሚመጣውን ተፈናቃይ አመላለስክባት። «አላልኩህም?» እያልኩ ስንት ቀን ፎከርኩብህ። አንተም ጫማህን እያወለቅክ «ብለሻል ፋንቱ፣ ብለሻል» ትለኝ ነበር። እንደዚያ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

የመጨረሻው በጋ ላይ ነው፤ ሠርግ ትንሽ ትንሽ መመለስ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ሙሽራ ትገባባታለች ብዬ መኪናዋን ሳጸዳ ከፊተኛው ወንበር ስፌት ውስጥ የማሽላ ፍሬ አገኘሁ። በአንድ እፍኝ አያልቅም። ቆዳው አቧራ ለብሷል፣ ቀበቶው ጫፉ ተተርትሯል። ከኋላ ወንበርም እንዲሁ። ወጥቼ ጮኽኩብህ። የሙሽራ ወንበር ላይ ማሽላ ትጭናለህ? ሎሪ የለመደ ሰው ቅንጡ መኪና ምን ያደርግለታል? አልኩህ። ጎረቤት ሰማ። አንተ እርጥብ ጨርቅ አምጥተህ «ጥፋቴ ነው» ብለህ ወለወልክ። ከወር በኋላ ደግሞ አገኘሁ። በዚያኛው ጊዜ ሦስት ቀን አላናገርኩህም። ካንተ ጋር የነበረኝ ጊዜ በቀን የሚቆጠር መሆኑን ባውቅ ሦስቱን ቀን እንዲያ አልጥላቸውም ነበር።

በክረምቱ እኩሌታ ትኩሳቱ ጣለህ። መንደሩ ሁሉ ታሞ ስለነበር እንደማንኛውም ሰው ትነሳለህ ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን አመለጥከኝ።

ለአርባህ መካኒክህ ኡስታ ዑስማን መጣ። እንደ እምነቱ ፋቲሓ ጸልዮልህ፣ ከጥግ ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ። ሊሄድ ሲነሳ ጠራኝና «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሁለቱን ጆንያ ማሽላ ምን ላድርጋቸው?» አለኝ። የምን ማሽላ? አልኩት። የዳኘው፣ አለኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል። አለማወቄን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠና ነገረኝ።

በየበጋው ሠርግ የሌለባቸውን ቀኖች እየጠበቅክ እሱ ዘንድ ትሄድ ነበር አሉ። አንዱን ጆንያ ከፊት ወንበር አስቀምጠህ ቀበቶ ታስርለታለህ፤ ሌላውን ከኋላ። «የፊተኛው ፋንቱ ናት፣ የኋለኛው እናቴ ናቸው» ትለዋለህ። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ጉብታ ወስደሃት መሀሉ ላይ ታቆማታለህ፣ እንደገና ታስነሳታለህ። ተመልሰህም «ትንፋሽ ያጥራታል» ትለዋለህ። እሱ «ትወጣለች ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ሂድ» ሲልህ አልሰማ አልክ። አንድ ቀን ተናዶ ምን እንደምትፈራ ጠየቀህ። የመለስክለትን ቃል በቃል ነገረኝ። «መኪናዋን የመረጠችው ፋንቱ ናት። አቀበቱ መሀል ብትቆም ለኔ ምንም አይደለም፣ ወርጄ እገፋለሁ። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች።»

መጀመሪያ ምን እንዳናደደኝ ልንገርህ? ጆንያው። ዘጠና ኪሎ ነው! እንዲህ አድርገህ ነው እንዴ የምታየኝ? ብዬ ልስቅ ስል ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እየተያያዘ መጣልኝ። እናትህ እማሆይ ከድንበሩ ማዶ፣ ከዚያ አቀበት በላይ፣ ጭልጋ ላይ ተቀምጠው ሃያ ዓመት ሙሉ የኔን ፊት አላዩም። በየበጋው «ዘንድሮ እንሂድ» ስትለኝ «በአውቶቡስ? እዚሁ ገድለህ ቅበረኝ» እልህ ነበር። አውቶቡስ እንደሚያጥወለውለኝ ታውቃለህ፤ ወደ ከሰላ ስንሄድ ሾዋክ ሳንደርስ የፌስታል ያለህ የምል ሰው ነኝ። ብቻህን ሁለቴ ሄደህ መጣህ። መኪናዋን ከገዛን ወዲህ ግን አንድም ቀን «እንሂድ» አላልከኝም፤ ብቻህንም አልሄድክም። ተወው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ተወው ብዬ አልጠየቅሁም። ከጎተራው ጎን ባለው ሜዳ መንዳት ያስተማርከኝስ? «የሚነዳ ሰው አያጥወለውለውም» ብለኸኝ ነበር። እኔ በሠርግ ሰሞን ላሳርፍህ መስሎኝ ነበር የተማርኩት።

ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብዙ ጊዜ ተጣላሁህ። ግን ብትነግረኝስ? እዚህ ላይ ልዋሽህ አልፈልግም። ለጆንያ ሽርሽር ቤንዚን ታቃጥላለህ ብዬ እጮህብህ ነበር። ይህንን ስለምታውቅ ነው ዝም ያልከው። እናትህም ልጃቸውን ሳያዩ ቀሩ፤ ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

በዚህ በጋ መንገዱ ትንሽ ረጋ ብሏል ሲባል ለመኪናዋ የድንበር ወረቀት አወጣሁና ከሎሪዎች ጋር ተሰልፌ ወደ ጭልጋ ተነሳሁ። ኡስታ ዑስማን ዘይቷንና ፍሬኗን አይቶ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ጸለየላት። ከጋራዡ የፊተኛውን ጆንያ አስወጣሁና እዚያው በለመደው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩለት። ሰላማዊት በሩን ከፍታ ቆመች። «ማማ፣ ደ ሽኑ? ምንድን ነው ይሄ?»

«አባትሽ ነው። ከኋላ ግቢ» አልኳት።

ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ አየችኝ፣ ገባች።

መተማን አልፈን ሜዳው እያለቀ ሲመጣ መሬት እንደዚያ ሊነሳ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ያስተማርከኝን አደረግሁ፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ማርሹን ዝቅ አደረግሁ። ሞተሯ መጮህ ጀመረ። አንድ መታጠፊያ ላይ ከፊቴ ያለው ሎሪ ቀጥ አለ። እኔም ቆምኩ፣ አቀበቱ መሀል፣ በግራዬ ገደል፣ ከኋላዬ የሎሪ ሰልፍ። አንተ ስትፈራው የኖርከው ቦታ ያ ነው። ወደ ጆንያው ዘወር ብዬ «እንግዲህ ያዝ» አልኩ። ሎሪው ሲንቀሳቀስ ፍሬኑን ለቅቄ ቤንዚን ሰጠኋት። ትንሽ ወደ ኋላ ሸተት አለች። ሰላማዊት «አቡዬ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ያዘች፤ እያጉረመረመች ወጣች።

ወጣች ዳኘው። ዘጠና ኪሎ ማሽላ፣ ልጅህንና ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ይዛ ወጣች። ባለ ስድስቷ ብትሆን እየሳቅክ ትወጣው ነበር፤ ይቺ እያቃሰተች ወጣችው፤ ግን ወጣችው። እነዚያን በጋዎች ሁሉ ትችል ነበር ማለት ነው። ከላይ ደርሼ ጥግ አስያዝኳትና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አላጥወለወለኝም፣ እሱም እንዳልከው ነው።

እማሆይ ከደጅ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። መኪናዋ ስትቆም በመቋሚያቸው እየተመሩ መጥተው የኔን በር ሳይሆን የፊተኛውን ወንበር በር ከፈቱ፤ መርዶህ ቢደርሳቸውም፣ ልጄ ሁልጊዜ ከመኪና የሚወርደው በዚህ በኩል ነው ብለው ነው መሰለኝ። እጃቸው ጆንያው ላይ አረፈ። ቀበቶውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። እዚያው እንደቆምን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነጋዴው ፊት የጮኽኩትንም አልደበቅሁም። ሲሰሙኝ ቆይተው «የኔስ ጆንያ የታለ?» አሉኝ። ገዳሪፍ ቀርቷል አልኳቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው፣ አንተ ልታደርግላቸው እንዳሰብከው። ጆንያውን አውርደን እሳቸውን ከፊት አስቀመጥኳቸው። ቀበቶውን ሳስርላቸው እጄ ከሰውነታቸው ይልቅ ነጠላቸውን አገኘ። የጆንያውን ግማሽ አይሞሉም፤ ደግፌ ሳስገባቸው ብዙ ክብደት አልተሰማኝም። እኔም ብሆን ካንተ ወዲህ ከስቻለሁ፤ ግን ድሮም ዘጠና ኪሎ ሆኜ አላውቅም። ሁለታችንንም አብዝተህ መዘንከን ዳኘው። እኛ ቀላል ነበርን። ይዘኸን ትወጣ ነበር።

ማሽላውን እማሆይ አላስፈጩትም፤ ከመደባቸው ራስጌ አቁመውታል። በሚመጣው በጋ፣ መንገድ ከሰጠኝ፣ የኋለኛውን ጆንያ ይዤላቸው እወጣለሁ፤ ዕድሜ ሰጥቷቸው ከጠበቁኝ በእጃቸው እንዲያዩት፣ ካልጠበቁኝም ከደጃቸው ላስቀምጠው። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እወጣለሁ። ቤንዚኑን አልለካም። ያ ሎሪ የቆመበት መታጠፊያ ላይ ስደርስ አቆማለሁ፣ አስነሳለሁ፣ ያንተንም ስም እጠራለሁ።

ፋንቱ
ከገዳሪፍ