የዋራበሌው በር

ጅቡቲ፣ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህ ይታዘዝልሃል? ጆሮህስ፣ ግራው እንኳ ይሰማል ወይስ እሱም ደከመ? እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን በሥርዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ “ዛሬ ደህና ነኝ” እያለች ትዘለዋለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ አፍንጫዬን በቀጭን እንጨት ቆርቁረው፣ መርምረው፣ ደህና ነሽ ብለውኛል።

ለምን አትደውልም ትለኝ ይሆናል። ስደውልልህ የምጮኸውን ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ አንተ ግን ግማሹን አትሰማም። ይህ ደግሞ በግማሽ የሚሰማ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጽፌ ለበፍቃዱ ሰጠሁት። ከዶራሌ ወደብ ማዳበሪያ እየጫነ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ በባቲ ሲያልፍ ያደርስልሃል።

እሱ እንደነገረኝ እናንተ ዘንድ “ጅቡቲ ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ ነው” ተብሎ ይወራል አሉ። ሐሰት ነው። ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። መጋቢት ላይ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ባቡሩ ሰው መጫን ተወ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። ሜኔሊክ አደባባይ ካፌዎቹ ወንበራቸውን አስገብተው ቁራ ብቻ ይንጎራደድበት ጀመር። በሽታው በዓይን አይታይም፤ ሰው ደግሞ የሚፈራውን ማየት ይፈልጋል። የታየነው እኛ ነን። “ሐበሻ ነው በከባድ መኪና ጭኖ ያመጣብን” ተባለ። የአራት ዓመት ደንበኛዬ የሆነው ባለ ሱቅ ዳቦውን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ሰጠኝ። አልተቀየምሁትም፤ ፈርቶ ነው።

አሁን ስለ ሙኒራ ልንገርህ። የማገለግልበት ቤት እመቤት ናት፤ ነርስ መሆኗን ከዚህ በፊት ጽፌልሃለሁ። የዚያን ጊዜ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች አላውቅም ነበር። በሽታው እንደገባ መንግሥት ሐኪምና ነርስ በመኪና እያደራጀ ቤት ለቤት ማስመርመር ሲጀምር፣ ስሟን ቀድማ ካስመዘገቡት አንዷ ናት። ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ግቢ ውስጥ በባልዲ ትታጠባለች፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ገብታ ለብቻዋ ትተኛለች። ልጇ ኢማን አምስት ዓመቷ ነው። አርባ ቀን ሙሉ እናቷን ያየችው በመስኮት ነው። ወሩ ረመዳን ነበርና ሙኒራ ጾመኛ ናት፤ በዚያ ሙቀት የፕላስቲክ ልብስ ለብሳ ውላ ጓንቷን ስታወልቅ ላብ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። አንድም ቀን ደከመኝ ስትል አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ “በር እየዘጉብን ነው ደብሪቱ፤ በሽታውን እኛ የምናድለው መስሏቸዋል” አለችኝ።

ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። ለወባ የሚረጨውን የዲዲቲ ታንከር ተሸክመህ ቤት ለቤት ስትዞር “መድኃኒቱ ሴት ያመክናል፣ ንብ ይጨርሳል” እያሉ ይዘጉብህ የነበረው ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት “የዲዲቲ ልጅ” ሲሉኝ ባንተ ማፈሬም ትዝ አለኝ። ይህን ለካህን እንጂ ላንተ ተናዝዤ አላውቅም። ይቅር በለኝ አባቴ።

ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሠፈር ለሠፈር እየዞረች “ቤታችሁ ቆዩ፤ ያተኮሰው ሰው አይደበቅ፤ ሕክምናው በነፃ ነው” ትላለች። በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዐረብኛ፣ በፈረንሳይኛ ትላለች፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ግን አትልም። ወደ የመን ባሕር ሊሻገሩ መጥተው መንገዱ የተዘጋባቸው የእኛ ልጆች ከዚያ ሁሉ የሚገባቸው ሳይረኑ ብቻ ነበር። ሙኒራ ይህን ለአለቆቿ ነገረቻቸው። “አማርኛ የሚችል ሰው ከየት እናምጣ?” ቢሏት “ከወጥ ቤቴ” ብላ መለሰችላቸው። ለእኔም፣ “እምቢ ብትይ አልቀየምሽም፤ ሥራሽም ሥራሽ ነው” አለችኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁና ጠዋት ቀሚሴን ቀይሬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ዋራበሌ ወሰዱን። ባልባላ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ሠፈር ነው። ከአንድ ቤት ሳል ይሰማል፣ ሐበሾች ተደብቀውበታል ተብሎ ነው የተጠራነው። ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ ሕፃን አዋቂው ድንጋይ ይዟል። ፖሊሶችም አሉ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሙኒራ በመጀመሪያ ፖሊሶቹን፣ “እናንተ ከታያችሁ በጓሮ በኩል ግድግዳ ሰብረው ይወጣሉ፤ በዚህ ፀሐይ በእግራቸው ወደ ኦቦክ ጠረፍ ከሄዱ የሚገድላቸው ኮሮና አይሆንም” አለቻቸው። አለቃቸው ትንሽ አሰበና መኪናቸውን ወደ ኋላ አስነዳ። ሰውየውን ስሙን ባውቀው እጽፍልህ ነበር።

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። በሶማሊኛ የተናገረችውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ “ድንጋይ ስትወረውሩ ይሸሻሉ። ሲሸሹ የሚያልፉት በእናንተ በር ነው። በሽታው አንድ ቤት እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ድንጋዩን አስቀምጡ።” አንዲት አሮጊት ቀድመው ጣሉ። ሌላውም እየተያየ ጣለ።

እኔ በሩ ጋ ቀረሁ። ሐኪሞች ናቸው ብል በሩ አይከፈትም። አንነካችሁም ብል አይከፈትም። ያን ጊዜ በር ሲዘጉብህ ታደርገው የነበረውን አደረግሁ። ታንከርህን አውርደህ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለህ፣ “እባካችሁ ውሃ አጠጡኝ” ትል ነበር፤ ውሃ ለለመነ በር የማይከፍት ሰው የለም ብለህ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ አልሁና “እህት ወንድሞቼ፣ ውሃ አጠጡኝ” አልሁ።

ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ “ውሃ ቢኖረንማ! እኛም ከቀመስን ሁለተኛ ቀናችን ነው” አለ። ሲምቦ ትባላለች፣ የጅማ ልጅ ናት፤ ኋላ ነው የተዋወቅነው። ለካ በፍርሃት ውሃ ለመቅዳት እንኳ አይወጡም ነበር! ለሙኒራ ብነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ምርመራውን ተወችና ሾፌራችንን ዓብዱረዛቅን ውሃ እንዲያመጣ ላከችው። አራት ጀሪካን ይዞ መጣ፤ ደጃፉ ላይ ደርድረን ራቅ ብለን ቆምን። በሩ በስንጥቅ ተከፍቶ ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ገቡ። ጠጥተው ሲጨርሱ ሲምቦ ብቅ ብላ፣ “እንጨቱ አንጎል ይበሳል ይባላል፤ እውነት ነው?” አለችኝ። ሙኒራ ይህን ስነግራት እኔን ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ አስቀምጣ አፍንጫዬን መረመረችኝ። እንባዬ መጣ፣ አስነጠሰኝ፤ ከውስጥ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አሥራ አንድ ነበሩ። አሥሩ በእግራቸው ወጡ። አንዱ ጥግ ላይ ተኝቷል፤ ቀኝ እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ። ትንፋሹ እንደ ወንፊት ይንሿሿል። ድምፄን ሰምቶ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ “እታለም” አለኝ።

አባቴ፣ እዚህ አገር እታለም ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ እንዲህ የሚለኝ ከቤታችን አንድ ብቻ ነበር።

ልወድቅበት ስሮጥ ሙኒራ ወገቤን ያዘችኝ። ቀጭን ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እንደ በሬ ያዘችኝ። “አሁን ከነካሽው ሁለታችሁን ነው የማጣው” አለችኝ። አቅፋ ያነሳችው እሷ ናት። ከአምቡላንሱ ሰዎች ጋር እስከ ሆስፒታል ሄደች፤ ወረቀት አለው ወይ ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። አሥራ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ቆየ። እሷም በየቀኑ ሥራዋን ስትጨርስ ወደ እሱ ታልፍና ስልኳን አፉ አጠገብ አድርጋ ትደውልልኛለች። መናገር ስለማይችል የምሰማው ትንፋሹን ነበር። ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ኋላ በሽታው ራሷን ሙኒራን ያዛት። ሦስት ሳምንት ተኛች። አሁን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ታርፋለች፤ ግን ባለፈው እሑድ ተመልሳ ሥራ ገብታለች።

ሁሉ ነገር አማረ አልልህም። ለይቶ ማቆያው ሙቀቱ ያቃጥል ነበር፣ ምግቡም ይዘገያል፣ ያለ ለቀስተኛ የተቀበረም ሰው አለ። ነገር ግን ዛሬ መኪናዋ በአማርኛም በኦሮምኛም ትናገራለች። የአማርኛው ድምፅ የእኔ ነው። ዳቦ በእንጨት ይሰጠኝ የነበረው ባለ ሱቅ ሰምቶ፣ “አንቺ ነሽ እንዴ?” ብሎ በእጁ ሰጠኝ።

ያ የታመመው ልጅ ድኗል። ከስቷል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል፣ የመን የሚባለውን ስም መስማት አይፈልግም። ስሙን እንዳልጽፍልህ አስምሎኛል፤ “ፊቱ ቆሜ ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ” ነው የሚለው። መሐላዬን አላፈርስም። የሚመለሱትን በሰኔ መጀመሪያ በአውቶቡስ ይሸኟቸዋል፤ ድሬዳዋ ላይ አሥራ አራት ቀን ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ቁጠረው። ሲመጣ፣ ሳትሰናበተን ሄደህ የት ነበርክ አትበለው። እማዬንም ቀስ አድርገህ አዘጋጃት፤ በድንገት አይሁንባት።

ጤናህን ያብዛልኝ። የለመንከው ሁሉ ደጅህ ድረስ ይምጣልህ። ለሙኒራም በጸሎትህ አስባት፤ በእኛ ሥርዓት ይሁን፣ አትቀየምም።

የዲዲቲው ልጅ፣
ልጅህ

ሳልረሳው፦ ሰኞ ገበያ ስትወጣ አንድ ጫማ ግዛ። ቁጥር አርባ ሁለት ይሁን፤ ትቶት በሄደው አትለካው፣ እግሩ አድጓል።