ለጎረቤቴ ስል የመዘዝኩት ቢጫ ካርድ

ረቡዕ፣ መስከረም ፯፤ ከጠዋቱ ፪ ሰዓት

የግፊት ክኒን ዋጥኩ። ፊሽካዬን በለብታ ውኃ አጠብኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዛሬም አብጧል፤ ይበጥ። በሰባ አንድ ዓመቴ የአገራችንን ልጆች የቅዳሜ እግር ኳስ የምዳኘው ሩጫ ተርፎኝ ሳይሆን፣ ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ባስተማረ ሽማግሌ ፊሽካ ላይ ማንም አፉን ስለማይከፍት ነው።

ደብተሬ ሆይ፣ ጌሪ ትናንት በአጥሩ ተደግፎ እንደገና አቆሰለኝ። ጡረተኛው የጭነት መኪና ሾፌር፣ በወጣትነቱ የእነርሱን፣ በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን ኳስ ሲጫወት ሁለት ጥርስ ያራገፈና ጥርሶቹንም እንደ ኒሻን የሚቆጥር ጎረቤቴ። የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን የራሱ ስታዲየም እያለው፣ በመንገዳችን የተሰቀለው ባንዲራ ሁሉ ለምን የእነርሱን ኳስ የሚጫወተው የዩኒቨርሲቲው ቡድን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ዘጠና ደቂቃ ጠብቆ ባዶ ለባዶ መለያየቱን እታገሣለሁ፣ አለ፤ የማልታገሠው ውሸቱን ነው። እኛ ዘንድ አጥንቱ የተሰበረ ሕመሙን ደብቆ ይነሣል፤ እናንተ ዘንድ ነፋስ የነካው ይንከባለላል። ለአስመሳይ ማን ያጨበጭባል?

ደሜ ፈላ። ቅዳሜ ናና እይ አልኩት። የዩኒቨርሲቲውን ጨዋታ ትቼ? አለ። ሚስቱ እንደ ሞተች የነገርኩት ያህል ደነገጠ። ኋላ ግን እሺ አለ።

ቅዳሜ፣ መስከረም ፲፤ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ሸሚዜ ላይ ደም አለ። የእኔ አይደለም።

የሁለት ሰፈር ቡድኖች፣ ዋይንላንድ ፓርክ ከሉዊስ ሴንተር። ባዶ ለባዶ። ሰባኛው ደቂቃ ግድም። ጀማል፣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሣ የሚውለው የወሎ ልጅ፣ የሁለት ሕፃናት አባት፣ ኳስ ይዞ ሲገባ ተከላካዩ ከጎን ተወርውሮ በሁለት እግሩ ገባበት። ወደቀ። ጮኸ። ተንከባለለ።

እኔም፣ ከመስመሩ ማዶ በታጣፊ ወንበሩ ላይ ክንዱን አጣምሮ የተቀመጠውን ጌሪን በዓይኔ ጥግ እያየሁ፣ ገና ከጉሮሮው ያልወጣውን ሳቁን አስቀድሜ እየሰማሁ፣ ጨዋታችን ለአስመሳይ ቦታ እንደሌለው የማሳይበት ቅጽበት ይህ ነው ብዬ፣ ወደ ወደቀው ሰው ጎንበስ ሳልል፣ እግሩንም ሳላይ፣ ቢጫ ካርዴን መዝዤ በፊቱ ላይ ቀሰርኩ።

«ተነሣ! አታስመስል!»

«ጋሼ ወርቅነህ፣ ወላሂ እግሬ ነው...»

«ተነሣ አልኩህ!»

ተነሣ። ሽማግሌ አዟልና ተነሣ። በተሰበረው እግሩ ቆመ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት። ቅልጥሙ ቆዳውን ቀዶ ወጣ፤ ነጭ ነበር፤ ወዲያው ቀላ።

ጀማል ዳግም ወደቀ። ጌሪ ከሩቅ መውደቁን ብቻ አየና ሳቀ፤ የትወና ሽልማት ስጡት እያለ አጨበጨበ። የጀማል ወንድም ከድር ወንበሩን ከነሰውየው ገለበጠው፤ አፍንጫውን በቡጢ ሰበረ። ጌሪም ደሙን እየተፋ ከድርን በወገቡ አንሥቶ መሬት ላይ አፈረጠው። ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች። ክርን። ጫማ። የማዕዘን ባንዲራው ዘንግ የአንዱ ጀርባ ላይ ተሰበረ። ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ነፋሁ። ማን ሰምቶ! አንዲት ሴት ብቻ አምቡላንስ ኮል አድርጉ እያለች ትጮኻለች።

እሑድ፣ መስከረም ፲፩፤ ከሰዓት በኋላ

ጀማል ኦፕሬሽን ተደርጓል። ብረት ገብቶለታል። ለወራት አይቆምም።

የቅዳሜውን ጨዋታ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደወለ። ከድርንና ጌሪን በሽምግልና እንዳስታርቅ ይለምነኛል፤ እኔን! እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሼ፣ ርቀት ላይ ነበሩ፣ አለኝ። ርቀቱ አሥር እርምጃ ነበር። ዝም አልኩ። በሜዳው ላይ ከተሰነዘረው ቡጢ ሁሉ ይህ ዝምታዬ ይከፋል።

ማክሰኞ፣ መስከረም ፲፫፤ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት

አልተኛሁም። ያ ድምፅ።

ጌሪ አጥሩ ጋ መጣ። አፍንጫው በፋሻ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያቸውን ጠቁረዋል። ያ ሰው በተሰበረ እግሩ ቆመ ወይ? አለኝ። ቆመ አልኩት፤ እኔ አዝዤው፤ አንተ እንድታይልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ላለ ሰው ሳጨበጭብ ኖሬ፣ ባገኘሁት ቀን ሳቅሁበት፣ አለ።

ከአበባ መደቡ ዳር አንድ ድንጋይ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ይንበረከካል፤ ይቅር እስኪባል አያወርድም አልኩት። ለደም ግፊቴ አሰበና ትንሹን መረጠልኝ። ትልቁን ለራሱ ከመሬቱ ፈነቀለ። ይቅር ካላሉንስ? አለ። አናወርድም አልኩት።

ለሊቀ መንበሩ ደወልኩ። ሽምግልናውን ሌላ ይያዘው፤ እኔ በዳይ ነኝ አልኩት። የአሥሩን እርምጃም ነገርኩት።

ከቀኑ በ፲ ሰዓት፣ ዋይንላንድ ፓርክ፣ የጀማል ደጃፍ። ጌሪ ይነዳል። መንበርከኩን ጉልበቴ እሺ ይላል። መነሣቱን ግን፣ ጀማል ራሱ «ይነሡ» እስኪለኝ ድረስ አልሞክረውም።