ትልቁን ሞተር ለምን እንደመረጥኩ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ ደረትሽን አልነካውም? ካልሲ ደርበሽ ተኚ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ጎረቤታችን ኒዲያ፣ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ደብዳቤው የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው በስልክ፣ "አባዬ፣ ለመኪናችን ትንሹን የኤሌክትሪክ ሞተር ውሰድ፤ አጥንቼዋለሁ፣ አትከራከረኝ" ብለሽኝ እሺ ብዬሽ ነበር። እሺታዬ ውሸት ሆነ፤ ትልቁን ወሰድኩ። ሰው የልጁን ምክር ካልሰማ ምክንያቱን ሊነግራት ይገባል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

የክርስትና አባትሽ ኢዳልቤርቶ ሁለቱንም ሞተሮች አምጥቶ ማንጎው ሥር አስቀመጣቸው። ትንሹ ከቻይና ባለሦስት ጎማ የተፈታ ነው፤ በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። ትልቁ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያነሳ የኖረ የፎርክሊፍት ሞተር ነው፤ ለሁለት ተሸክመነው ወገባችን ተቀጨ። ባትሪ ደግሞ እንደ ውሃ ይጠጣል፣ መብራት በቀን አራት ሰዓት በማይቆይበት ከተማ። ኢዳልቤርቶ፣ "አበልጄ፣ በዚህ ዝሆን ገበያ ደርሰህ ትመለሳለህ፤ በቃ። በትንሹ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደህ ልጅህን ትቀበላለህ። ሚስት የምትመርጥ አስመሰልከው እኮ!" አለኝ። ያለው ነገር ወዲያው ቆጨውና መፍቻ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። ስለ ሞተሩ ያለው ሁሉ እውነት ነው።

የቤንዚኑን ሞተር ከትንሿ መኪናችን ከፖላኪቷ ጀርባ ፈትተን አወጣነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው አንቺን የሸኘሁሽ እሑድ ነበር። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሳ፤ አንቺም "ዛሬ ደስ ብሏታል" አልሽ። ከዚያ እናትሽ ደጅ ወጥታ አልሸኘችኝም ብለሽ መንገዱን ሁሉ አለቀስሽ። አኩርፋሽ አልነበረም፣ ልጄ። ወንበር ተደግፋ በመስኮት ታይሽ ነበር። ብትወጣ ኖሮ ትንፋሿን ትሰሚባት ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ ትንሹን ገጠምነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘውን ብረት ኢዳልቤርቶ ከተዘጋው የስኳር ፋብሪካ ቁርጥራጭ ሠራው። ሜዳው ላይ እንደ ነፋስ ሄደ፤ ሰፈሩ አጨበጨበ። ኒዲያ "ሞተሩን ረስታችሁታል እንዴ? ምንም አይሰማም!" እያለች ትስቃለች። እኔ ግን የሆስፒታሉን ዳገት እንሞክር፣ ኒዲያም ከኋላ ትተኛልን አልኩ። "ለምን እተኛለሁ? ቁጭ ማለት አያምረኝም?" አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት። ፊቴን አየችና ሳቋን አቁማ፣ ገብታ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች።

ዳገቱ መሀል ያለው ትልቁ የሴይባ ዛፍ ድረስ ወጣን። እዚያ ሞተሩ ጮኸ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ፣ ቆመ። ኢዳልቤርቶ ፍሬን እንደያዘ "ምንም አይደል፣ ማርሹን ብናወርደው..." ብሎ ጀመረና የት እንደቆምን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ኒዲያ ከኋላ እንደተኛች ታለቅሳለች።

ሁለት ጊዜ የቀደድኩት እዚህ ጋ ስደርስ ነው።

እናትሽ በእንቅልፏ አረፈች ብዬሽ ነበር። እንደዚያ አይደለም። በሄድሽበት ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ትንፋሽ አጠራት። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሩቅ ሄዶ ነበር። መኪናዋ ደጃችን ቆማለች፤ የምትጠጣው ቤንዚን ግን የላትም። እናትሽን ከኋላ አስተኝተን፣ ኒዲያ ራሷን ታቅፋ፣ እኔ በመስኮት መሪውን ይዤ፣ ኢዳልቤርቶና ጎረቤቱ ሁሉ እየገፉ ዳገቱን ተያያዝነው። ሴይባው ዘንድ ሲደክማቸው ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። እናትሽ በመስኮት እጄን ይዛ "ደረሰች?" አለችኝ። ደርሳለች፣ ደውላለች፣ ቤቱም ይሞቃል አልኳት። ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲያ መግፋት አላስፈለገንም።

ትልቁን የገጠምነው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ኒዲያን፣ ኢዳልቤርቶንና ሁለት ጆንያ አሸዋ ጭኖ፣ እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ ሴይባውን አልፎ ሆስፒታሉ በር አደረሰን። ዘበኛው ሮጦ መጣና "ማንን ነው ያመጣችሁት?" አለ። ኢዳልቤርቶ የአሸዋ ጆንያዎቹን አሳየው።

አሁን ሰፈሩ ያውቃል፤ የታመመ ሲኖር ደጄን ያንኳኳሉ፣ እወጣለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ግን በዚህ ሞተር አይደረስም። ስትመጪ እስከ ድልድዩ በአውቶቡስ ነይ፤ እዚያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ቅዳሜ ኮብሬ ወዳለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ምርኩዙንና የልጁን ፀጉር በሚያኖርበት ጠረጴዛ ላይ የቤንዚን ታንኩን ክዳን አስቀመጥኩ። አንዲት መነኩሲት ገርሟት "አባቴ፣ ይኼ ስለት ነው ወይስ ልመና?" አለችኝ። ይቅርታ ነው፣ እማሆይ፣ አልኳት። ክዳኑን ወደ ጠረጴዛው መሀል አስጠጋችልኝ።

አንቺንም አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን ቁጭ ብለሽ አትቁጠሪ። የመጨረሻው ቤንዚን አንቺን እንዲሸኝ እናትሽ የመረጠችው ደስ ብሏት ነው። ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

እመቤታችን በቢጫ ካባዋ ትሸፍንሽ። በሄድሽበት እግዚአብሔር ደግ ጎረቤት ያቁምልሽ። ትንፋሽሽን ያርዝመው።

አባትሽ