ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩበት ጥፋት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? አላስካ፣ ኮዲያክ ላይ ባሕሩ መርከባችሁን ሲያናውጠው እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ጥርቅም ብሎ በረዶ ሆኗል። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳውናውን የእንፋሎት ቤት ታሞቃለች፤ አንተ የምትቀመጥበት ጥግ ላይ ግን ማንንም አታስቀምጥም። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ፤ በሌላው ግን አይደለሁም። ከአጎቴ ከኤይኖ አፍ ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። እንዳልደውልልህ ድምፅህን ፈራሁ።

የበረዶ ሆኪ ያስተማሩኝ አሰልጣኝ ስታን ማቲላ በመከር ወራት ጠጥተው ሲነዱ ተያዙ። ዳኛው እኔ የሱስ አማካሪ ሆኜ ወደምሠራበት ማገገሚያ ላኳቸው፤ ለኔም ደረሱ። ያኔውኑ ለኃላፊዬ ለሎሬታ "ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ ለሌላ ስጫቸው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የሙያ ፈቃዴን ገና መያዜ ነው፤ በአንድ ክረምት ከተማውን ሁሉ ከመጠጥ የማላቅቅ መስሎኝ ዝም አልኩ።

በሥራችን ታካሚው ለምርመራ ሽንት ሲሰጥ አማካሪው አጠገቡ ቆሞ ማየት አለበት። አሰልጣኝ ቀበቷቸውን እየፈቱ "አንተ ልጅ፣ የጫማህን ክር ያሰርኩልህ ሰውዬ ነኝ እኮ! አሁን ደግሞ ይሄን ልታይ?" ብለው ሳቁ። ሳውና ውስጥ ራቁታቸውን ስንቴ አይቻቸዋለሁ፤ ያቺ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ግን ሌላ ሆነችብኝ። አብሬ ስቄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስወጣ "አይቻለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላም እንደዚሁ። ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለና የሚነዱትን የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ቁልፍ መለሱላቸው።

የገና በዓል ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ሰክረው በመጥረጊያው የወይዘሮ ሂልማን መኪና ላይ ወጡበት። ወይዘሮዋ ጓንታቸውን ረስተው ወደ ቤት ተመልሰው ነበር። አባዬ፣ የሰው ነፍስ የተረፈችው በጓንት ነው። አሰልጣኝም የሌላ ሰው ሽንት ብብታቸው ሥር አሙቀው ያመጡ እንደነበር ለፖሊስ ተናገሩ። ለኔ የተሟገቱ መስሏቸው "ልጁን እንዳትነኩት፣ ጨዋ ነው፤ ሁልጊዜ ፊቱን ያዞርልኝ ነበር" አሉ። በዚያች ምስጋና ተከሰስኩ።

የሙያ ፈቃድ ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ከአባላቱ አንዷ፣ ሽበታም ሴትዮ፣ "ልጄ፣ ያፈርከው ለሳቸው ነው ወይስ ለራስህ?" ብለው ጠየቁኝ። ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ነበር፤ አልነጠቁኝም። ለአንድ ዓመት ብቻዬን አልሠራም፤ ሎሬታ እንደ ጥላ ትከተለኛለች። ጥፋቴ ግን ማንም ሊያየው በሚችለው በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ከነስሜ ወጥቷል። ኮስኪ ይላል፤ የቤተሰባችንን ስም። አንተ በረዶ እየቆረጥክ፣ መረብ እየጎተትክ ያኖርከው ስም ነው። ሳየው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ባለፈው ቅዳሜ ነዳጅ ማደያው ጋ አሰልጣኝን አየኋቸው። ሌላ ከተማ ታክመው ተመልሰዋል። ኮፍያዬን ስቤ ከመቅጃው ጀርባ ልሽሎክ ስል "አርቪድ! ዛሬም ዞርክ?" ብለው ጮኹ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ቆምኩ። ቀርበው "ያኔ ዓይንህን ብታሳየኝ ኖሮ እሰድብህ ነበር፤ ግን እተርፍ ነበር" አሉኝ።

ዛሬ አንድ ጎረምሳ ታካሚ ሽንት ሊሰጥ ሲል "ዞር በልልኝ እንጂ፣ ሰው አይደለሁም?" ብሎ ተቆጣኝ። "ሰው ስለሆንክ ነው የማልዞረው፣ ወንድሜ" አልኩት። ሎሬታ በሩ ላይ ሆና መዝገቡ ላይ ፈረመች።

እማዬ ናፍቆቷን ትልካለች፤ ካልሲም እየሠራችልህ ነው። ትንሿ እህቴ ሲልቪ ስለ አዲሱ ጥርሷ እንድነግርህ አደራ ብላለች። አጎቴ ኤይኖም ሰላም ብሎሃል። ለመርከብ ጓደኞችህ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ስትመለስ አውቶቡስ መናኸሪያው ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፤ ብቻ ፊትህን አታዙርብኝ።

ልጅህ አርቪድ
ኤቭለት፣ ሚኔሶታ
ፌብሩዋሪ 9