ከእንግዲህ ለእኔ ያስታጥቡኝ

ነሐሴ 14፣ ጧት 12፡45

ሮጠን ተመለስን። ጭላሎ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል። ጣቴ ደንዝዞ እስክሪብቶው አልያዝ ብሎኛል። ቢሆንም አንቺን ሳልነካ ቁርስ አልበላም፣ ማስታወሻዬ።

ትናንት ማታም አስታጠብኩ። ጆግ በቀኝ፣ ሳፋ በግራ፣ ፎጣ ትከሻ ላይ። ቧንቧ ጠፍቶ አይደለም፤ የካምፑ ልማድ ነው። ክለቡን አዲስ የተቀላቀለ ተጫዋች ሊጉ እስኪጀመር ከእራት በፊት የሁሉንም እጅ ያስታጥባል። ዘንድሮ አዲሱ እኔ ብቻ ነኝ። የታጠበ ሁሉ "እደግ" ይላል። ካፒቴናችን ሁሴን መጨረሻ ይታጠብና በኦሮምኛ "ጉደዹ" ይለኛል። ያው እደግ ነው፤ እሱ ሲለው ግን እውነትም የማድግ ይመስለኛል።

አምና ኢተያ፣ አጨዳ ያለቀበት ማሳ ላይ ስንጫወት አይቶ ለአሠልጣኙ የነገረልኝ እሱ ነው። አሥር ቁጥር ለባሽ። አሁን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚሮጠው።

ነሐሴ 16፣ ከሰዓት

ነገ የወዳጅነት ጨዋታ። ከኦጎልቾ ልጆች ጋር። አሠልጣኙ ከዕረፍት በኋላ አስገባሃለሁ ብሎኛል።

ከካምፑ ጀርባ ያለው ስንዴ ገና አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ብድግ ይልና ይቀመጣል። ቆሜ እጄን አውለበለብኩለት። ደጋፊዬ ነው። አንድ ጋሪ ነጂ አይቶኝ ፈረሱን አቁሞ ጤናህን ነው ወይ አለኝ።

ነሐሴ 17፣ ማታ 1 ሰ.

ገባሁ! ሁሴንን ቀይሬ። ሲወጣ ጭንቅላቴን ዳበስ አደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ነው። ጭቃ፣ ካፊያ፣ ድምፅ የለም። ኳሷ እግሬ ሥር ስትመጣ ሁሉ ሰው ቀስ አለ። በሁለት ተከላካይ መሃል ቀጭን መንገድ ታየችኝ። ለአጥቂያችን ላክኋት። ጎል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። 2 ለ 0። ናኦል! ናኦል! ያ የእኔ ስም ነው?

የከተማው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይክ ደቀነብኝ። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ብዙ ነበር። ሳቀ፣ ሳቅኩ። ነገ ጧት ይተላለፋል።

ነሐሴ 18፣ ጧት 3 ሰ.

ተላለፈ። ቁርስ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ በምግብ አብሳያችን በእትዬ ጫልቱ የወጥ ቤት ሬዲዮ።

እንዲህ ብያለሁ፦ እንደኔ ያለ ኳስ አቀባይ የአርሲ ምድር አላበቀለም። ሊጉ ለእኔ እንደ ገለባ ነው። ካፒቴኑ ደክሟል፣ ይረፍ። ውሃ ማስታጠቡም በቅቶኛል፣ ከእንግዲህ ለእኔ ያስታጥቡኝ።

ያ የኔ ድምፅ ነው? ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ይሰብራል ግን። ሁሴን ዳቦውን ጨርሶ ወጣ።

የዚያው ቀን፣ ማታ 2 ሰ.

እጄ አሁንም እርጥብ ይመስለኛል።

ለእራት ስገባ ጆጉን አጣሁት። ሁሴን ይዞታል። ፎጣው ትከሻው ላይ። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ፤ በዚያ ጉልበቱ ዝቅ አለና ሳፋውን ደቀነልኝ። ኧረ ጋሼ በፈጣሪ አልኩ። ብድግ አልኩ። እሱ ሳፋውን እንደያዘ ጠበቀ። እጄ በራሱ ተዘረጋ። ውሃው በረዶ ነበር።

የታጠበ እደግ ማለት አለበት። ታላቅህን ምን ትለዋለህ? እደግ ትለዋለህ? ቃሉን ሳልል፣ ፎጣውንም ሳልነካ ተቀመጥኩ። ምነው በሰደበኝ።

ነሐሴ 22

አምስተኛ ቀን። ያስታጥበኛል። ጆጉን ቀድሜ ለመያዝ ወጥ ቤት ሮጬ ነበር፤ እትዬ ጫልቱ ሳትሰጠኝ ቀረች። የሁሴን ነው፣ አንተ በቅቶኛል ብለህ የለ? አለችኝ።

ልምምድ ላይ ኳስ ይሰጠኛል። ጥሩ ጥሩውን። ይኼ ነው የገደለኝ። አሠልጣኙ ለሊጉ መጀመሪያ ስሜን እንደጻፈው ሰማሁ። እንደ ቅዠት ነው፤ የፈለግኩት ሁሉ እየመጣ አንዱም ደስ አይልም። ማሳው ጋ ሄጄ ነበር። ስንዴው ተነሣ፣ ተቀመጠ። እጄን አላውለበለብኩም።

ነሐሴ 26፣ እሑድ ከሰዓት

እረፍት። ሁሴን ከእራት በኋላ ቤቱ ነው የሚያድረው፤ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሰሚራ ናት፣ ልጁ። ሰባት ዓመቷ። አባዬ ደክሟል ያልከው አንተ ነህ? አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ ጧት ጧት ጫማውን የምታስርለት እሷ ናት፣ እንዳይጎነበስ።

ማስታወሻዬ፣ እዚያ በር ላይ አለቀስኩ። ትልቅ ሰውዬ።

ሁሴን ሻይ አቀረበልኝ። ይቅር በለኝ አልኩት። ቂም የለኝም አለ። ቀስ ብሎ ግን፣ በአደባባይ ሰድቦ በጓሮ ይቅርታ አይሆንም አለኝ፤ እኔ ይቅርታህን ሰምቻለሁ፣ ሰሚራ ግን ስድቡን የሰማችው በሬዲዮ ነው። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ። ሲራመድ ያነክሳል።

ነሐሴ 28፣ ጧት 4 ሰ.

ጋዜጠኛውን እንደገና አቅርበኝ ብዬ ለመንኩት። የጎሉን ታሪክ መስሎት ደስ አለው። በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው።

ያዘጋጀሁት ጠፋብኝ። ሰሚራ፣ አባትሽ አልደከመም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሁሴንን ጆጉን እንዲመልስልኝ ለመንኩት፤ ሊጉ እስኪጀመር ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ላስታጥብ አልኩ። ጋዜጠኛው የምን ጆግ? አለ። ዘፈን ለቀቀ።

የዚያው ቀን፣ ምሽት 12፡20

እራት ሊቀርብ ነው። አዳራሹ ገና ባዶ ነው።

ጆጉ የእኔ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ሳፋውም። ፎጣው ታጥፎ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም።

ቀዝቃዛውን ውሃ ደፍቼ እትዬ ጫልቱ ጋ ለብ ያለ አስሞላሁ። አሰላ ብርድ ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ከእሱ እጀምራለሁ። ያችን ቃል ይበለኝ አይበለኝ እንጃ። ባይለኝም ነገ አስታጥባለሁ።

የእግር ኮቴ። አንዱ ያነክሳል። ልሂድ።