ጣሪያ የሌለው ምንባብ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 10፡30

ምንባብ ቁ. 2። ስለ ንብ። ሃያ ሁለት መስመር፣ አስር ጥያቄ። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። አራት አገኘሁ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ወንድወሰን የሚፈቅደው አስራ አምስት ደቂቃ ነው።

ስሚ ደብተር፣ ላንቺ አልዋሽም። ሰነፍ አይደለሁም። መዝገበ ቃላት እያየሁ በእያንዳንዱ የእንግ. ቃል አናት ላይ አማርኛውን በእርሳስ እጽፋለሁ። ጣሪያ ነው የምለው። ገጹ ሁሉ ጣሪያ ይለብሳል፣ ከዚያ ጣሪያውን አነባለሁ። ጫልቱም እንደኔው ናት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን፣ ጣሪያ እየተበዳደርን ነው 12ኛ የደረስነው።

ዛሬ ር/መምህሩ ስም ዝርዝር ለጠፈ። (ፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ያንቺና የኔ ቤት ነው፣ አልልም።) ርዕሱ «ልዩ ክትትል»። ከ12ኛ ክፍል አስራ አራት ልጆች፣ እኔ ሦስተኛ፣ ጫልቱ አስረኛ። ከሰዓት በኋላ በጓሮው ክፍል እንግ. ማንበብ ብቻ እንለማመዳለን። ሰዓት ሳይሞላ ለክፍሉ ስም ወጣለት፦ አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል። በኮሪደር ሳልፍ አንዱ «ለማህሌት ኦክስጅን አምጡላት» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጣሁ።

እስኪ ማን እንደሚሞት እናያለን።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አንጀቴ አሯል። ቲቸር ወ. ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። ይሄ ምንባብ ነው ወይስ የቆርቆሮ ሰፈር ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ከኪሱ አዲስ ላጲስ አውጥቶ ዴስኬ ላይ አስቀመጠና ሁሉንም አጥፊ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ስትፈተኑ መዝገበ ቃላት የለም፣ ሰዓቱም ለጣሪያ አይበቃም አለ።

አላጠፋም አልኩት። በሩን አሳየኝ። ወጣሁ።

የት እሄዳለሁ? ግቢው በር ላይ ካለው ባነር ሥር ቆምኩ። ያምና ተፈታኞች ጋዋን ለብሰው ፈገግ ብለዋል። «ያስፈተንናቸውን በሙሉ አሳልፈናል» ይላል። ከነሱ ውስጥ አንድ ቀን አይሲዩ የገባ ይኖር ይሆን? ሁሉም ጥርሳቸው ያምራል። እኔም እዚያ ላይ መሰቀል እፈልጋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ፋርማሲ መማር እፈልጋለሁ። ለዚያ መጀመሪያ መፈተን አለብኝ፣ ሌላ መንገድ የለም።

ላጲሱን ግን ይዤ ወጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለአባዬ ምሳ ይዤ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ። የከባድ መኪና ባሌስትራ፣ ከሥር ያለውን የብረት ሞላ፣ ነው የሚሠራው። እሱ ከመኪናው ሥር እስኪወጣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን እንግ. አነበብኩ። እርሳስ አልያዝኩም ነበር። የማላውቀውን ቃል ዘልዬ ሄድኩ። ሲያልቅ ምን እንዳለ ገባኝ! ከእሳት አርቁት፣ ልጅ እንዳይነካው። ግማሹን ቃል ሳላውቀው።

ማታ ላይ ሳይሆን እዚያው፣ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ቁ. 4ን ያለ ጣሪያ ሠራሁ። ቲቸር ወ. ክፍል ውስጥ ሁሌ እንደሚለው፦ አንዴ ሳትቆሚ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ማነው የሚናገረው? ለማን? ምን ፈልጎ? አስራ ዘጠኝ ደቂቃ። ስድስት አገኘሁ።

ቲቸር ወ. ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሦስት። ከአስር ሦስት። ስለ ባቡር ነበር። አሁንስ ባቡርም ጠላሁ።

ጫልቱ ግን አምስት አገኘች፣ እሷም ጣሪያ ትታለች። ጨክነሽ አታውቂም ነበር አልኳት፤ አንቺ ከክፍል ስትባረሪ ጨከንኩ አለች። ዋናው ፈተና ላይ እንግ. ከወደቅን አብረን ነው የምንወድቀው ተባባልን። ተስፋ ቆርጬ ነበር ዛሬ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። በቃኝ፣ ደክሞኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዛሬ ያልተለመደ ነገር። ምንባቦቻችን ሁሌ ፎቶ ኮፒ ናቸው። የዛሬው በቲቸር ወ. በራሱ እጅ የተጻፈ። አጭር ደብዳቤ ነው። አንድ የመጋዘን ዘበኛ፣ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን እለቃለሁ፣ ወደፊትም ምንም አልጠይቅም» ብሎ ፈርሟል። ከሥሩ ደግሞ ዘበኛው ማንበብ እንደማይችል፣ ደብዳቤውን ያመጣለትም አለቃው እንደሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር አለ።

ጥያቄ 1፦ ደብዳቤውን የጻፈው ማነው? አስራ አራታችንም ዘበኛው አልን። አስራ አራታችንም ኤክስ።

ቲቸር ወ. አልተቆጣም። ወደ መስኮቱ እያየ ነበር። «የፈረመውና የጻፈው አንድ ሰው ነው ያላችሁ ማነው? ወረቀት ሲሰጧችሁ አንብቡ።» ይህንኑ ሁለቴ ደገመው። ከዚያ ሳይሰናበተን ወጣ። ሰውየው ምን ነካው አልን።

በ10 ሰዓት ር/መምህሩ መጣና ለአስራ አራታችን የታሸገ ፖስታ አደለን። ወላጅ ፈርሞ ሰኞ ራሱ ይዞ ይምጣ። የማጠናከሪያ ትምህርት ስምምነት ነው አለ። እንግሊዝኛ የሆነው የት/ቤቱ ደረጃ ስለሆነ ነው አለ። ጫልቱ ቸኩላለች፣ የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሮጠች።

እሁድ፣ የካቲት 16። ቅበላ። ከቀኑ 8 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

አባዬ ምሳ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ እስክሪብቶ አምጪ አለኝ። ፊርማው ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት ይጠማዘዛል፤ ይኮራበታል። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው፣ እንግ. አያነብም፣ ግን አላነብም ማለትም አይወድም። ወረቀቱን ዘረጋ። ስሙ የሚገባበትን ባዶ ቦታ በጣቱ ፈለገ።

እስኪ ቆይ አልኩት። ት/ቤት የላከው ነው፣ ምን ይቆያል አለ። ነጠቅሁት። በሕይወቴ ከአባዬ እጅ ነገር ነጥቄ አላውቅም። ተቆጣ። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች።

በእርሳስ መነካካት አልችልም፣ የት/ቤት ወረቀት ነው። ያለ ጣሪያ አነበብኩት። አንዴ፣ ሳልቆም። ከዚያ፦ ማነው የሚናገረው? «እኔ» ይላል። እኔ ማለት ግን አባዬ ነው! ለማን? ለት/ቤቱ። ምን ፈልጎ?

ልጄ በራሷ ፈቃድ ዘንድሮ በት/ቤቱ ስም አትፈተንም። በግል ወይም በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች። ት/ቤቱን ስለዚህ ጉዳይ አልጠይቅም።

ማጠናከሪያ የሚል ቃል የለበትም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁት። የማላውቃቸው አራት ቃላት አሉ፣ የማጠናከሪያን እንግ. ግን አውቃለሁ፤ በጓሮው ክፍል በር ላይ ተጽፎ በየቀኑ ነው የማየው።

ባነሩ ትዝ አለኝ። «ያስፈተንናቸውን በሙሉ»። አይ ብልጠት! ይወድቃል ያሉትን ካላስፈተኑትማ ማን ሊወድቅ? የቲቸር ወንድወሰን ዘበኛም ትዝ አለኝ። አውቆ ነው የሰጠን። ሰውየው አፍ አውጥቶ መናገር አልቻለም፣ ምንባብ አድርጎ ጻፈልን።

ለአባዬ ነገርኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። እዚህ ላይ ነው ቀልቤ የተገፈፈው። ምን ልበል? ባለፈው ማክሰኞ ከአስር ሦስት ያገኘሁ ልጅ ነኝ። ስህተት ብሆንስ? ር/መምህሩን በሰው ፊት ሌባ አስብዬ፣ ወረቀቱ እውነትም የማጠናከሪያ ቢሆንስ? እውነቱን ነገርኩት። አራቱን ቃላት አላውቃቸውም፣ ሌላው ግን ገብቶኛል አልኩ።

አባዬ እስክሪብቶውን ክዳኑን መለሰበት።

«ባለመኪናው ደህና ነው ቢለኝም ሥሩ ገብቼ ሳላይ ለቅቄለት አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ለጫልቱ ደወልኩ። እናቷ ዓርብ ማታውኑ ፈርመዋል። ጫልቱ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ነገር አታወሳስቢ አለችኝ። ወረቀቱን አምጪና አብረን እናንብበው አልኳት። በስልክ፣ መስመር በመስመር፣ እሷ አንድ፣ እኔ አንድ። ሦስተኛውን መስመር ሁለቴ አነበበችው። እኔ ከማላውቃቸው አራት ቃላት ሁለቱን እሷ ታውቃቸዋለች። ነገሩን አባሱት እንጂ አላቀለሉትም።

ሰኞ፣ የካቲት 17። ከቀኑ 11 ሰዓት

ቢሮው ፊት ለፊት ወላጅ ተሰልፏል። ር/መምህሩ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ይቀበላል፣ ለሁሉም እንኳን ለጾሙ አደረሳችሁ ይላል። የአባዬ ተራ ደረሰ። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው። ወረቀቱን አልሰጠውም። መጀመሪያ ምን እንደሚል ልስማ አለ፣ በትሕትና። ር/መምህሩ ያንኑ ደገመ፤ ማጠናከሪያ። አባዬ ልጄ ሌላ ነው ያነበበችው አለ። ር/መምህሩ ፈገግ አለ። ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ የማህሌት ችግር እኮ ማንበብ ነው፣ ለዚህ አይደል ልዩ ክትትል ያስገባናት አለ። ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

አባዬ አልሳቀም። «እንግዲያው እርስዎ ያንብቡልን። በአማርኛ፣ ከላይ እስከ ታች።»

ር/መምህሩ ሰዓቱን አየ። ስብሰባ አለኝ አለ።

ስለዚህ እኔ አነበብኩት። አንድ መስመር በእንግ.፣ አንድ መስመር በአማርኛ። ያላወቅሁት ቃል ላይ ስደርስ ይሄን አላውቀውም አልኩ። ጫልቱ ከኋላ ሞላችልኝ። ለእናቷ ደግሞ በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች።

የጫልቱ እናት መጀመሪያ ተነቃነቁ፤ ትናንት ጫልቱ ስትነግራቸው ሳያምኗት ቀርተው ወረቀቱን አስረክበው ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት ኮዬ ፈጬ ላይ ጤፍ ያመርቱ ነበር። ወደ ር/መምህሩ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቴን መልስልኝ ልጄ። ሳላነብ የፈረምኩት አንድ ይበቃኛል።» ያኛው ወረቀት መሬታቸውን ያስለቀቃቸው እንደሆነ ሰፈራቸው ሁሉ ያውቃል። ተቀብለው አጣጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

ከዚያ ሌሎቹ። እኔንና ጫልቱን ጨምሮ የአስራ አንዳችን ወረቀት ከወላጆቻችን ጋር ተመለሰ። ሦስቱ አልወሰዱም። አንዱ አባት ለልጄ ዓመት ቢጨመርላት ይሻላታል አለ፣ እንኳንም አወቅሁት፣ እፈርማለሁ አለ። መብቱ ነው። ቢያንስ አውቆ ፈረመ።

ር/መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። አባዬም ገባ። የት/ቤቱን ስም ታጠፊያለሽ አለኝ። አንቱ ነው ያልኩት፣ አትሳሳቺ። «የት/ቤትዎን ስም አላጠፋም። የኔን ግን ከተፈታኞች ዝርዝር አላስጠፋም» አልኩት። አባዬ ወደ ጫማው አየ። ፈገግታውን ደብቆ ነው።

ከሰዓት አይሲዩ ገባን። ቲቸር ወ. ቁ. 7ን አደለ። የዓርቡ ደብዳቤ ለዚህ ነበር ወይ ብዬ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ሰሌዳ እያጠፋ ነበር፣ አልዞረም። ምንባብ ምንባብ ነው፣ ዛሬ ስንት አገኘሽ አለ። ሰባት አልኩ። ሦስቱስ የት ሄዱ አለኝ። ምስጋና እንኳን አያስጨርስም ይሄ ሰውዬ። ሊደርስበት የሚችለውን ሳስብ ግን ፈራሁለት። ይህን ገጽ ለማንም አላሳይም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18። ከቀኑ 9፡40

ዛሬ ተመዘገብን። ፎቶ፣ ሙሉ ስም ከነአያት። ስሜ ትክክል መጻፉን ኮምፒውተሩ ላይ በዓይኔ አይቼ ነው የተነሳሁት። መዝጋቢዋ እመኚኝ አለች፤ አነባለሁ አልኳት።

ላጲሱ አልቋል ማለት ይቻላል፣ ጥፍር ታህል ቀርታለች። የድሮ ምንባቦቼን ጣሪያ ሁሉ አጥፍቻለሁ። ከሥሩ ያለው እንግ. ለካ ይህን ያህል ጥቂት ነው።

አሁንም ከአስር ሰባት ነኝ። አንዳንዴ አምስት። ዋናው ፈተና ከዚህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ነቄ ነኝ። ልወድቅ እችላለሁ። ግን ስሚኝ፣ በቀለም ጽፌ ላስቀምጥልሽ፦ እፈተናለሁ። ብወድቅም በስሜ፣ በት/ቤቴ ስም፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው የምወድቀው። ባነራቸው ላይ ለኔ ቦታ ከሌለ ባነራቸውን ያስረዝሙት።

ቲቸር ወ. ገባ። ቁ. 8። አስራ አምስት ደቂቃ። ጫልቱ ሰዓቱን ይዛለች። «እስክሪብቶሽን አስቀምጪ፣ ጀምሪ» አለኝ። ጀመርኩ።